አሳው ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው እንዴ?

እሁድ ማታ ተናድጄ ኢንተርኔት ላይ ባለ የውይይት መድረክ የለጠፍኩት ጥያቄ ይሄ ነበር። ያናደደኝ መሀል አዲስ አበባ ያለ፣ የባሕር ምግብ እናቀርባለን የሚል፣ ምርጥ የተባለ ሬስቶራንት ነው። ስሙን ያኔም አልጠራሁም፣ አሁንም አልጠራም። ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ባለው አካባቢ ነው ብያለሁ፤ እሱም በዛ ያሉ አልጠፉም። 31 መልስ መጣ። ሁሉንም አልደግመውም፤ አንዳንዱ የሚደገም አይደለም። መጀመሪያ ግን ላላነበባችሁት የኔን ጽሑፍ እንዳለ ላስቀምጠው።

ቅዳሜ ማታ አጎቴን እራት ጋበዝኩ። እኛ ቤት ጋሼ ነው የምንላቸው። 70 ዓመት ሞላቸው። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ። ምፅዋ ነው የኖሩት፣ ከተማዋ በ1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ እስክትወጣ ድረስ። ለልደትዎ ምን ላብላዎት ስላቸው ሳቅ አሉና የባሕር አሳ አሉኝ። የሐይቅ አይደለም። የባሕር።

እኔ፣ ጋሼና የወንድሜ ልጅ ሆነን ከምሽቱ 1 ሰዓት ደረስን። ቤቱ ያምራል፣ አልዋሽም። ግድግዳው ሰማያዊ ነው፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ መግቢያው ላይ የመርከብ መሪ ተሰቅሏል። ጋሼ መሪውን ነካ ነካ አድርገው አዩትና ዝም አሉ። ሜኑ ሲመጣ ኪሳቸውን ዳሰሱና «መነጽሬን ረሳሁ፣ አንቺው እዘዥልኝ» አሉኝ። ቤት ስንመለስ መነጽሩ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ወጣ። ዋጋውን ላለማየት ነው። ወይም ማየታቸውን እንዳላውቅባቸው።

የቀይ ባሕር አሳ ጥብስ 2,800 ብር። ሽሪምፕ 3,200። ለልጅቷ አሳ ጉላሽ 1,400። አንድ የአሳ ሾርባ 650። ሁለት ውሃ 300። ዳቦና ቅቤ 250፤ እሱን ማንም አላዘዘም፣ ዝም ብሎ መጣ፣ የቤቱ ግብዣ መስሎን በላነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አስተናጋጁ ምሰሶ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ከኛ በኋላ የገቡ አራት ፈረንጆች ሾርባቸውን ጨርሰው ዋናውን ምግብ ሲጀምሩ እኛ ፊት ያለው የዳቦ ፍርፋሪ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ጠራሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ እየወጣ ነው አለኝ። 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቆየን። ሽሪምፑማ ከሌላው ምግብ 25 ደቂቃ ዘግይቶ ለብቻው መጣ። ቆጠርኩት፣ ስድስት ፍሬ። ከቫት በፊት አንዷ 533 ብር መሆኗ ነው። አንዷን ነከስ ሳደርጋት መሀሏ በረዶ ነው፣ ጥርሴን ነዘረኝ።

ጋሼ አሳቸውን በሹካ ገለጥ አድርገው አዩት። ነጭ፣ ወፍራም፣ አጥንት የሌለው ቁራጭ ነው። ቀመሱና ጥሩ ነው አሉ። ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄ የሐይቅ ነው» አሉኝ። አስተናጋጁን ጠርቼ አሳው ከየት ነው የሚመጣው አልኩት። «ከባሕር ነዋ!» ብሎ ሳቀ። አጠገባችን ያለው ጠረጴዛም ሳቀ። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። ምኑ እንዳሳፈረኝ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ሂሳቡ 10,879 ብር መጣ። ሜኑ ላይ ያለውን ስደምር 8,600 ነው። 10 በመቶ ሰርቪስ፣ 15 በመቶ ቫት፣ በአንድ ላይ 25 በመቶ ቢጨምሩበት እንኳ 10,750 ነው የሚሆነው። 129 ብሯ ከየት መጣች? ከፈልኩ። ቲፕም ሰጠሁ፣ እሱ ነው የሚያበግነኝ። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ እዚህ ዋጋ ላይ ደርሰን፣ የምንበላው ከየት እንደመጣና ስንት እንደሚያስከፍል መጠየቅ ነውር ነው እንዴ?

ጽሑፌ እዚህ ላይ አለቀ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ለጋሼ ዕድሜና ጤና ተመኘላቸው፣ እሱም እናቱን ይዞ ተመሳሳይ ቦታ ሄዶ አዝኖ እንደወጣ ነገረኝ። 2ኛው ሰላምታ እንኳ የለውም፣ የቤቱን ስም ጣይ ብቻ ነው ያለው። ከሱ በኋላ ስም የጠየቁኝን ስቆጥር ሰባት ደርሰዋል። አንድ ቀን ማታ ባየሁት ነገር የአንድን ቤት ሠራተኛ ሁሉ እንጀራ መንካት አልፈልግም ብዬ መለስኩ። ፈሪ ያሉኝ አሉ፣ ይሁን።

3ኛው ሂሳብ ሠራተኛ መሆን አለበት። በትህትና ነው ያረመኝ፣ ግን አረመኝ። ሰርቪስ ቻርጁ መጀመሪያ ይደመራል፣ 8,600 ላይ 860 ሲጨመር 9,460 ይሆናል፤ ቫቱ የሚሰላው ከዚህ ላይ ነው፣ 1,419 ብር፤ ድምሩ ልክ 10,879 ይመጣል። 129 ብሯ የሰርቪሱ ቫት ናት ማለት ነው። ሜኑ ላይ 1,000 ብር የተባለ ነገር ከኪስ የሚወጣው 1,265 ሆኖ ነው። ስለዚህ አጭበርብረዋል ያልኩትን በልቻለሁ፤ በይፋ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሱ ራሱ ግን አንድ ነገር አከለ፦ ሕጋዊ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ሜኑው እግር ስር በጉንዳን ፊደል መጻፉ ሌላ።

4ኛው ላይ ጸባዩ ተቀየረ። ሰውየው አቅምሽን እወቂ የሚል ነው። ሽሮ ቤት ሞልቶ ሳለ ኪስሽ የማይችለው ቤት ምን ወሰደሽ አለኝ፣ ፎቶ ለመነሳት ነው የሄድሽው የሚል ምርቃትም ጨመረ። አንድም ፎቶ አላነሳሁም። 5ኛዋ ልጅ እኔን ሳታስቀድም ገባችበት። ሰዎቹ ከፍለው ነው የወጡት፣ ከፋይ ሰው ደግሞ የመናገር መብት አለው፣ አንተ የቤቱ ባለድርሻ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ይሄን ጥያቄ እስከመጨረሻው አልመለሰም።

6ኛውን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አስተናጋጅ ነው፣ የዚያ ቤት ሳይሆን የሌላ። ረጅም ጽፏል፣ ነጥብ የለው፣ አንድ ትንፋሽ። ያ ሰርቪስ ቻርጅ የምትሉት እኛ ጋ ሁልጊዜ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ ይላል፤ እሱ የሠራባቸው ሁለት ቤቶች አንዱ በየወሩ ያከፋፍላል፣ ሌላው ለተሰበረ ብርጭቆና ለዩኒፎርም እያለ ይቆራርጠዋል። መዘግየቱ የአስተናጋጅ ጥፋት አይደለም፣ ቅዳሜ ማታ ጥብሱ ላይ አንድ ሰው ብቻ ከቆመ አንቺ ሦስት ጊዜ ብትጠሪ ሠላሳ ጊዜ ያው ነው። ስልክ መነካካቱን ግን አልተከላከለለትም። ስለ አሳው የጻፈው ነው የገረመኝ። አስተናጋጅ አሳው ከየት እንደመጣ አይነገረውም። ሲጠይቁት አላውቅም ካለ አለቃው ይቆጣዋል፣ ልጠይቅ ብሎ ኪችን ከገባ ሼፉ ያባርረዋል። ስለዚህ ይስቃል። ያ ሳቅ ላንቺ አልነበረም አለኝ። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ቲፑ ትንሽ ቀለለኝ።

7ኛው ያው 4ኛው ነው፣ ብሶበት ተመልሶ። አለፍኩት።

8ኛው የሐዋሳ ልጅ ነው። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ፣ ጠዋት የወጣ ቆሮሶ እስከነጭንቅላቱ ተጠብሶ በዳጣ ስትበሉ የ10,879 ብሩን ሩብ አትጨርሱም አለ። 9ኛው ወዲያው የነዳጁን አስበህበታል ወይ ብሎ ያዘው፤ 275 ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ ያንኑ ያህል መመለሻ፣ የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ሲጨመር ቁጠባው አሳው ጋ ሳይደርስ ያልቃል። 10ኛው ደግሞ ሐዋሳ ድረስ ምን አስኬዳቸው፣ ዝዋይ አይበቃም ወይ አለ። የሐዋሳው ልጅ ዝዋይ ሲባል ተቀየመ። ለተወሰነ ጊዜ ውይይቱ የመንገድ ውይይት ሆነ፤ ሞጆ ላይ የቱ ጋ ቁርስ እንደሚበላ ሳይቀር ተነግሮናል።

ወደ አሳው የመለሰን 12ኛው ነው። የአሳ ንግድ ውስጥ ዓመታት አሳልፏል፣ ያውቃል። ጋሼ ያዩትን ቁራጭ ከጻፍኩት ብቻ ተነስቶ ናይል ፐርች ሊሆን ይችላል አለ። ነጭ፣ ወፍራም፣ በፊሌቶ መልክ ሲመጣ አጥንት የማይታይበት፣ ጣዕሙ ለስላሳ ስለሆነ የፈለጉትን ስም ቢሰጡት የማይናገር አሳ ነው። አርባ ምንጭ ጫሞ ሐይቅ ውስጥ አለ፣ አባያም አለ፣ ጋምቤላ ባሮ ወንዝም አለ። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሊገኝ ይችላል። መጥፎ አሳ አይደለም፣ እንዲያውም ግሩም ነው፤ ጥፋቱ የቀይ ባሕር ብሎ መጥራቱ ላይ ነው። ግን ሳያይ እንደማይምል ደግሞ ጻፈ፣ አከበርኩት። ሙሉ አሳ ስትገዙ ስንጥቡን ገልጣችሁ ቀይ መሆኑን እዩ፣ ዓይኑ ያልደፈረሰና ያልጎደጎደ ይሁን፣ ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ይነሳ አለ። ፊሌቶ ሲሆን ግን ዓይንም ስንጥብም የለም። ያላችሁ የሻጩ ቃል ብቻ ነው።

13ኛዋ ከባሕር ዳር ናት። ጣና ለምን ተረሳ ብላ ተቆጣች፣ ናይል ፐርች እኛም ጋ ሞልቷል አለች። 12ኛው በ14ኛ መልሱ አረማት። ጣና ውስጥ ናይል ፐርች የለም፣ ከታች ያለው አሳ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ወጥቶ ሐይቁ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ጣና ቆሮሶ አለው፣ አምባዛ አለው፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ የቢልጫ ዓይነትም አለው። ልጅቷ ተቀበለች፣ ቢልጫውን ግን እንደ ድል ነው የቆጠረችው።

አምባዛ የሚለው ቃል መነሳት አልነበረበትም። 15ኛው አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ይላል፣ ሽሪምፑስ ቅርፊት አለው ወይ፣ ለመሆኑ የክርስቲያን ልጅ ነሽ ወይ ብሎ ወደኔ ዞረ። 16ኛው የሐዲስ ኪዳኑን አመጣ። 17ኛው አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለኮሰ፣ ያውም ያለ ጾሙ ወቅት። በቃ! ሁለት ሰዓት ሙሉ መድረኩ ጉባኤ ሆነ፣ የሬስቶራንቱ ነገር ተረሳ። አድሚኑ ገብቶ ወደ ርዕሱ ተመለሱ ባይል ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርን። በግሌ ግን ለጥያቄው መልስ አለኝ፤ ያቺ በረዶ የሆነችው ሽሪምፕ አትቆጠርብኝም፣ በልቻታለሁ ለማለት ይከብደኛል።

18ኛው አስመጪ ነኝ ይላል። ንዴታችሁ ይገባኛል ብሎ ጀመረና ከኛ ወገን ሳይሆን ቀረ። ሽሪምፕ በዶላር ነው የሚገባው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ሲወሰን 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዚያ ላይ ጄኔሬተር አለ፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ እንዳይቀልጥ ናፍጣ ይቃጠላል። በረዷማዋን ሽሪምፕም አስረዳን። እንዳይደርቅ በስስ በረዶ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው፣ ማታ ፍሪጅ ውስጥ ወርዶ ቀስ ብሎ መቅለጥ አለበት፤ ትዕዛዝ ሲመጣ ከፍሪዘር አውጥቶ ቀጥታ ድስት ላይ የሚጥል ቤት ውጪውን አብስሎ ውስጡን በረዶ ይተዋል። እንግዲህ ያን ያህል ቆይተን በችኮላ የተሠራ ምግብ በልተናል።

19ኛው የጠየቀው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ስለታም ነበር። ሽሪምፑ በዶላር ይሁን፤ የጫሞ አሳ ከመቼ ጀምሮ ነው በዶላር የሚዋኘው አለ። ብዙ ሰው ሳቀበት። አስመጪው መለሰ፣ ዘይቱም ነዳጁም የመኪናው መለዋወጫም ከውጭ ነው የሚገባው፣ የቤት ኪራዩም ሰማይ ነክቷል ብሎ። ልክ ነው፣ ግን አሳው የቀይ ባሕር ነው ተብሎ ከተሸጠ 19ኛው ሰውዬ ያሸነፈ ይመስለኛል።

የፈረንጆቹ ነገርም ጭቅጭቅ አስነሳ። ሆቴል የሠራች አንዷ በቡድን የሚመጣ እንግዳ ምግቡን ቀድሞ በስልክ ያዝዛል፣ ስለዚህ ቀድሞ ይደርሰዋል፣ ሁሉን ነገር ንቀት አታድርጉት አለች። ይህን አላሰብኩም ነበር። የሚቀጥለው መልስ ግን እኔ በስልክ አዝዤ ሄጄም ከፈረንጅ በኋላ ነው የበላሁት የሚል ነበር። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ባለፈው ወር እዚያው እንደበላ፣ አገልግሎቱም አሳውም ግሩም እንደነበር መሰከረ። የቱን ቤት እንዳልኩ ሳልናገር እንዴት እዚያው መሆኑን እንዳወቀ ጠየቅኩት። ጠፋ።

23ኛው ነው ነገሩን የነካው። የሱ ታሪክ እንዲህ ነው። ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ይዞ እንዲህ ያለ ቤት ሄደ። ሜኑ ላይ የዕለቱ አሳ 320 ብር ይላል። ደስ አለው፣ እዘዢ አላት። አሳው በትሪ ሆኖ ከመጠበሱ በፊት ለማየት ሲቀርብላቸው ትልቅ ነው፣ ዓይኑ ያበራል፣ እሱም እንደ አዋቂ ራሱን ነቀነቀ። 320ው ለ100 ግራም ነበር። አሳው 1.8 ኪሎ መዘነ። 5,760 ብር፣ ከሰርቪስና ከቫት ጋር 7,286 ብር ከ40 ሳንቲም። ትሪው ፊቱ ቆሞ ሳለ ስንት ነው የሚመዝነው የምትል አንዲት ጥያቄ ብትወጣው ይድን ነበር። ልጅቷ አጠገቡ ናት፣ አልወጣችም። አግብቷታል፣ ሁለት ልጆች አሏቸው፣ እስከዛሬ አልነገራትም።

ከዚያ እኔን ጠየቀኝ። ሽሪምፑን ለምን አልመለስሽውም? ያላዘዝሽውን ዳቦ ለምን ከሂሳቡ አላስወጣሽውም?

መልሱን ስጽፍ ቆየሁ። ሽሮ ቤት ሽሮው ቢቀዘቅዝ አሙቂልኝ እላለሁ፣ ያለ ምንም ሀፍረት። ሊስትሮ ጋ ሁለት ብር እከራከራለሁ። እዚያ ግን ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አለ፣ ብርጭቆው ረጅም ነው፣ ዋጋ የጠየቀ ሰው ገንዘብ የለውም ይባላል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ጋሼ ተይው ልጄ ብለውኛል። እኔ እሳቸው እንዳያፍሩ ዝም አልኩ፣ እሳቸው እኔ እንዳላፍር መነጽራቸውን ደበቁ። ቤቱ ይሄን ይሉኝታ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ዳቦው ሳይታዘዝ የሚመጣው ለዚህ ይመስለኛል።

24ኛዋ በዚህ አልተስማማችም። ጥፋቱን ከቤቱ አንስታችሁ በይሉኝታ አላከካችሁት፣ አለመናገራችን እነሱን ነጻ አያወጣም አለች። እሷም እውነት አላት። 25ኛው እስቲ ቀጣዩን ቅዳሜ ሁላችን ሄደን እንጠይቅ ብሎ ቀለደ። 26ኛው ማን ሊከፍል አለው።

27ኛው ማንንም ሳይሰድብ፣ ማንንም ሳይደግፍ ገባ። እሱም ምፅዋ ነበር፣ ወደብ ላይ ሠራተኛ። ስለ ሬስቶራንቱ አንድ ቃል አልጻፈም። አሳው ከጀልባ ወርዶ፣ በጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ተገልጦ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ የመናውያኑ ቤት እንደ ጉድጓድ ባለ ምድጃ ውስጥ ሲወርድ ምን እንደሚሸት ነው የጻፈው። ከጎኑ ከዚያው ምድጃ የወጣ ሰፊ ትኩስ ዳቦ። ሳህን የለም፣ ጋዜጣ ላይ ነው። ማታ ሙቀቱ ስለማይበርድ አልጋ አውጥቶ ደጅ መተኛት። ይሄን ለጋሼ በስልክ አነበብኩላቸው። እንደገና አንብቢልኝ አሉ። አነበብኩ።

28ኛው ያው እንደሚጠበቀው ምፅዋ ሲባል የባሕር በር ፖለቲካ ከፈተ፣ 29ኛውና 30ኛው ተከተሉት፣ አድሚኑ ሦስቱንም አነሳቸው። 31ኛው ምንም ያነበበ አይመስልም፤ የቤቱን ስም ነው የጠየቀው።

ጋሼ ጭቅጭቁን ሁሉ ሲሰሙ ብዙም አልገረማቸውም። የሰርቪሱ ቫት እንኳ አላስደነቃቸውም። የ27ኛውን ሰውዬ ስልክ ፈልጊልኝ ነው ያሉኝ። በግል ጻፍኩለት፣ ሰጠኝ፣ ተደዋወሉ። ለካ ሁለቱም ያንን የመናዊ ቤት ያውቁታል፤ ባለቤቱ አንድ ዓይኑ ይንሸዋረር ነበር አሉ። እሁድ ሊገናኙ ነው፣ ቆሮሶ ሊበሉ። ቦታውን አንቺ ምረጪልን ብለውኛል፣ ዋጋው ግድግዳ ላይ የተጻፈበት ይሁን፣ በዚህኛው መነጽሬን አልረሳም።